እማዬ፣ ሁለተኛው ወረቀት

እማዬ፣ እንዴት ሰነበትሽ? ቁስሉ ደረቀልሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ትልቁ ልጄ የፊት ጥርሱ ወልቆ «ለአያቴ አሳያታለሁ» ብሎ በመሃረብ ቋጥሮ አስቀምጦታል። ትንሿም «ሽሮ» ማለት ችላለች።

ጋሼ ከጡትሽ ቀዶ ሕክምና በኋላ የወጣውን የፓቶሎጂ፣ ማለትም የተወሰደው ሥጋ ምርመራ፣ ውጤት ፎቶ አንስቶ ላከልኝ። ከሥሩ «እማዬ እንዳትሰማ፤ ትደነግጣለች» ብሎበታል። አራት ቀን ዝም አልኩ። ከዚህ በላይ አልቻልኩም።

በመርፌ ከተወሰደው ናሙና የወጣው የፊተኛው ወረቀት «ግሬድ 2» ይል ነበር። የአሁኑ «ግሬድ 3» ይላል።

ቁጭ ብለሽ አንብቢው፣ እናቴ። ግሬድ ማለት የጡትሽ ካንሰር የት ድረስ ሄዷል ማለት አይደለም። ያኛው ስቴጅ ነው፤ ከብብትሽ የተመረመሩት ንፍፊቶች ደግሞ ንጹሕ ናቸው። ግሬድ የሚለካው የሴሎቹን ባሕርይ ነው፤ እንደ ጤነኛ ጡት ቱቦ ይሠራሉ ወይ፣ የኒውክሊየሳቸው (የውስጥ እምብርታቸው) መልክ ምን ያህል ተዛብቷል፣ ስንቶቹስ በመከፋፈል ላይ ናቸው። ለእያንዳንዱ ከ1 እስከ 3 ነጥብ ይሰጣል። ድምሩ 6 ወይም 7 ሲሆን ግሬድ 2፣ 8 ወይም 9 ሲሆን ግሬድ 3 ይባላል። ያንቺ በመርፌው 3፣ 3 እና 1 ነበር፤ 7። አሁን የመጨረሻዋ 1 ሁለት ሆነችና 8 ገባ። የተሻገረው በአንድ ነጥብ ነው።

ያቺ ነጥብ የሚከፋፈሉት ሴሎች ቆጠራ ናት። መርፌ የሚያወጣው እንደ ክር የቀጠነ ሥጋ ነው፤ የሚከፋፈሉት ደግሞ ብዙ ጊዜ በእብጠቱ ዳርቻ ይበዛሉ። ስለዚህ በመርፌ ናሙና ግሬዱ ዝቅ ብሎ መታየቱ የተለመደ ነው። ጤፍ ስትገዢ የጆንያውን አፍ አይተሽ አታምኚም ነበር፤ እጅሽን እስከ ክርንሽ ከተሽ ከሥር ትዘግኛለሽ። አሁን ሙሉው ጆንያ ነው የተዘረገፈው። የፊተኛው ሐኪም አልዋሸሽም።

ኬሞ፣ የካንሰር ሴሎችን የሚገድለው መድኃኒት፣ የታሰበውም ለዚህ ጭምር ነው። ጋሼ «የማጠናከሪያ ግሉኮስ ነው እንበላት» ይለኛል።

እማዬ፣ አባዬ የሞተ ጊዜ ሃያ ቀን ሙሉ «ተኝቷል» አልሽኝ። ስደውል ተኝቷል። ደግሜ ስደውል ተኝቷል። «ፈተናዋን ትጨርስ» ብላችሁ ነው፤ አውቃለሁ፤ ለኔ አስባችሁ ነው። በማለዳ በሬ ተንኳክቶ ነጠላ ያጣፉ ሰዎች ሳይ ግን ከሞቱ ይልቅ የቆረጠኝ ያንቺ ድምፅ ነበር። እንዴት አልተንቀጠቀጠም? እስከ ዛሬ ስትስቂ እንኳ «ምን ደብቃኝ ይሆን?» እላለሁ። ይህን ተናግሬሽ አላውቅም። አንቺንም እንደዚያ ላደርግሽ አልፈልግም፤ ግሉኮስ ነው ብዬ ድምፄን ማስተካከል አልችልበትም።

ሁለቱንም ወረቀት ከጋሼ ተቀብለሽ አንቺው ጋ አስቀምጪ። የትኛው መድኃኒት እንደሚሠራ የሚጠቁመው የሆርሞንና የኸር2 ምርመራ ውጤት ከየትኛው ናሙና እንደሆነም ጠይቂልኝ። ጀሪካን እንዳታነሺ። ስለ ጾሙ የንስሐ አባትሽን አነጋግሪ፤ ኬሞው ከጀመረ ባዶ ሆድ አይሆንም። ለመምጣት ፈቃድ ጠይቄያለሁ።

እሑድ ከቅዳሴ ስትመለሺ እደውላለሁ። ስልኩን ራስሽ አንሺው።