ለሽምብጥ ሰፈር እድር አባላት፦ የእሑድ ጥገና

የፊታችን እሑድ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ የሚኖሩትን እናታችንን ቤት ለመጠገን እንገናኝ። ጣሪያው ያፈሳል፣ ቧንቧው ይንጠባጠባል፣ የበሩ ማጠፊያ ተነቅሏል። ሁሉንም በአንድ ቀን አንጨርስም፤ ሰኔ ስለገባ ጣሪያው ይቅደም። ትናንት ሌሊት ዝናቡ በላሉት ሚስማሮች ቀዳዳ ገብቶ፣ የአምፖሉን ገመድ ተከትሎ አልጋቸው ላይ ሲንጠባጠብ በዓይኔ አይቻለሁ። በጣም አስጨንቆኛል። ስለዚህ ማንም መሰላል ላይ ከመውጣቱ በፊት መብራቱ ከቆጣሪው ይጥፋ። የቆርቆሮ ሚስማር ከነጎማው ገዝተናል። መሰላል፣ መዶሻና የቧንቧ መፍቻ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ። በሩን የሚያይልን አናጺ ቢገኝ ደግሞ ትልቅ እፎይታ ነው። ማን እንደሚመጣና ምን እንደሚይዝ እባካችሁ እስከ ዓርብ ማታ እዚሁ ጻፉልኝ።