ኪሎ ሜትሩን ብቻ ሳይሆን ዳገቱንም ጻፉልን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

በስፖርት ዓምዳችሁ ስለ ብስክሌት ጉዞ ሲጻፍ ርቀቱ በኪሎ ሜትር ይነገራል፤ የዳገቱ ድምር ግን አይነገርም። አስፋልት ላይ ለሚሽቀዳደም ባለሙያ በሚጻፍ ዘገባ ይህ ብዙም አይጎዳ ይሆናል። በፈረንሳይ ገጠር፣ በኮረብታው መሃል በፒስታ መንገድ ልሂድ ብሎ ለተነሳ አንባቢ ግን ግማሹን መረጃ መደበቅ ነው። በአውሮፓ የሚኖሩ ወገኖቻችን ግራቭል የሚባለውን ሰፋ ያለ ጎማ ያለው ብስክሌት እየገዙ ስለሆነ ጉዳዩ ተገቢውን ትኩረት ቢያገኝ መልካም ነው።

ሞርቫንን እንውሰድ። ከፓሪስ በስተደቡብ ምሥራቅ፣ በቡርጎኝ የሚገኝ ኮረብታማ አገር ነው። ከፍተኛው ጫፍ ኦ-ፎላን 901 ሜትር ሲሆን ከድሬዳዋ ከተማ እንኳ ያንሳል። እንጦጦን የሚያውቅ ሰው ቁጥሩን አይቶ ቢንቀው አይፈረድበትም። ችግሩ ያለው ግን ጫፉ ላይ አይደለም። ድንጋዩ ግራኒት ነው፤ ጅረቶች በየአቅጣጫው ሰርስረውታል። መንገዱ 80 ሜትር ይወጣል፣ ወደ ጅረቱ 70 ሜትር ይወርዳል፣ ድልድዩን እንደተሻገረ ደግሞ እንደገና ይወጣል፤ እንዲህ እያለ ይውላል። ከሴቶን ሐይቅ ተነስቶ በሻቶ-ሺኖን በኩል ዞሮ የሚመለስ የ60 ኪሎ ሜትር ዙር 1,200 ሜትር ዳገት ቢያስቆጥር አይገርምም። የአልፕስ ረጅም ዳገት አንዴ ትንፋሽን ካስተካከሉ ይለመዳል። የሞርቫን ግን ትንፋሽ ለማስተካከል ጊዜ ስለማይሰጥ የበለጠ ያደክማል።

ስለዚህ መጀመሪያ የዳገቱን ድምር በሜትር ወስዶ ለኪሎ ሜትሩ ማካፈል ነው። ውጤቱ 10 አካባቢ ከሆነ ቀኑ ቀላል ነው። 20 ከደረሰ ከባድ ነው፤ 25 ካለፈ ብስክሌቱን እየገፉ የሚሄዱበት ቦታ እንዳለ ጠርጥሩ። ለሰዓቱ ደግሞ ርቀቱን በ18 አካፍሉና ለእያንዳንዱ 600 ሜትር ዳገት አንድ ሰዓት ጨምሩበት። ያ የ60 ኪሎ ሜትር ዙር 5 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ይፈጃል ማለት ነው፤ ምሳና ማረፊያ ሳይጨመር።

ድምሩ ዳገቱ የት እንዳለ አይነግርም፤ እሱን የሚነግረው ካርታ ነው። የፈረንሳይ ብሔራዊ የካርታ ተቋም ኢ.ጄ.ኤን. በሚያሳትመው 1 ለ25,000 ካርታ ላይ 1 ሴንቲ ሜትር 250 ሜትር ነው። ቡናማዎቹ ቀጫጭን መስመሮች የከፍታ መስመሮች ናቸው። በመካከላቸው ያለው ልዩነት ስንት ሜትር እንደሆነ ማብራሪያው ላይ ተጽፏል፤ እንደ ካርታው 5 ወይም 10 ሊሆን ስለሚችል ሳያዩ አይቁጠሩ። ልዩነቱ 10 ሜትር ከሆነና መንገዱ በ2 ሴንቲ ሜትር ውስጥ 5 መስመሮችን ካቋረጠ፣ በ500 ሜትር ውስጥ 50 ሜትር ወጣ ማለት ነው፤ 10 በመቶ። በ1 ሴንቲ ሜትር ውስጥ 4 መስመር ካቋረጠ 16 በመቶ ሆነ፤ ልቅ ጠጠር ላይ ይህን የሚወጣ ጥቂት ነው። ድርብ መስመር ሆኖ የተሳለው መንገድ ብዙውን ጊዜ መኪና የሚያስኬድ ነው። ቁርጥርጥ ሆኖ የተሳለው ግን የእግር መንገድ ነው፤ ሥርና ድንጋይ ይጠብቃችኋል።

የመንገድ ምልክትም ያሳስታል። ዛፍና ድንጋይ ላይ የተቀባው ነጭና ቀይ ምልክት ለረጅም የእግር ጉዞ መንገዶች የተሠራ ነው፤ ስለ ብስክሌት የሚናገረው የለም። የተራራ ብስክሌት መንገድ ምልክት አንድ ሦስት ማዕዘንና ሁለት ክብ ሲሆን የመንገዱን አስቸጋሪነት በቀለም ይለያል፦ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ቀይ፣ ጥቁር። በግራቭል ብስክሌት አረንጓዴና ሰማያዊ ይሄዳል፤ ቀዩን ለተራራ ብስክሌት ተዉለት።

አሁን ወደ ማርሽ ልምጣ፤ ብዙ ሰው የሚሸነፈው እዚህ ላይ ነውና። ሱቅ ውስጥ የሚሸጡ ብዙዎቹ ግራቭል ብስክሌቶች ከፊት 40 ጥርስ፣ ከኋላ ትልቁ 42 ጥርስ አላቸው። ፔዳሉ አንዴ ሲዞር ብስክሌቱ 2.1 ሜትር ያህል ይሄዳል፤ በደቂቃ 60 ጊዜ ቢዞር በሰዓት 7.5 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ሰው፣ ብስክሌትና ሻንጣ ተደምረው 85 ኪሎ ቢመዝኑ፣ በዚህ ፍጥነት 10 በመቶ የጠጠር ዳገት መውጣት ወደ 200 ዋት ይጠይቃል። ያልሠለጠነ ሰው ለጥቂት ደቂቃ ይችለዋል፤ ቀኑን ሙሉ እየደጋገመ ግን አይችለውም። ከዚያ ከኮርቻው ይነሳል። ሲነሳ ክብደቱ ከኋላ ጎማ ላይ ይቀንሳል፣ ጎማው ጠጠሩ ላይ ይሽከረከራል፣ ይቆማል። መፍትሔው ጉልበት መጨመር ሳይሆን ማርሽ መቀየር ነው። ከፊት 38፣ ከኋላ 51 ቢሆን አንድ ዙር ወደ 1.65 ሜትር ይወርዳል፤ ሳይነሱ፣ በሰዓት 6 ኪሎ ሜትር እየሄዱ በ165 ዋት ገደማ ይወጣል። ነገር ግን የኋላውን ካሴት (ጥርሶቹ ያሉበትን ክፍል) ብቻ አውልቆ ትልቅ መግጠም አይበቃም። አጭር እጅ ያለው የማርሽ መቀየሪያ 51 ጥርስ አይሸከምም፤ ረዘም ያለ ካቴናም ያስፈልጋል። ጎማውን የሚያዞረው የመሃል ክፍል ካሴቱን መቀበሉን መካኒኩን ጠይቁ።

ጎማው ስፋቱ 45 ሚሊ ሜትር ቢሆን እንመክራለን፤ ፍሬሙ ከፈቀደ። ጎማውና ፍሬሙ መካከል በየጎኑ ቢያንስ 6 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይኑር፤ አለበለዚያ የሞርቫን ጭቃ ከአሸዋው ጋር ተጣብቆ ፍሬሙን ይፍቀዋል። ስለ አየሩ፦ ከመነዳሪ ለሌለው ጎማና 70 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ከፊት 1.9፣ ከኋላ 2.1 ባር (የአየር ግፊት መለኪያ) ጥሩ መነሻ ነው። ለእያንዳንዱ 5 ኪሎ ሻንጣ 0.1 ጨምሩ። አስፋልት የለመደ ሰው 4 ባር ነፍቶ ይወጣና ብስክሌቱ ድንጋዩን ሁሉ እየዘለለ እጁን ያደነዝዘዋል፤ ዳገት ላይ ደግሞ አይነክስም። ከመነዳሪ ካለው 0.3 ያህል ይጨመርለት። ያለዚያ ጎማው ስለታም ድንጋይ ሲመታ ከመነዳሪው በድንጋዩና በቸርኬው መካከል ተቆንጥጦ ጎን ለጎን ሁለት ቀዳዳ ያወጣል። እሾህ የሚያወጣው አንድ ቀዳዳ ነው፤ ሁለት ካያችሁ እሾህ አትፈልጉ፣ አየር ጨምሩ። ከመነዳሪ በሌለው ጎማ ውስጥ የሚጨመረው የመድፈኛ ፈሳሽ በአንድ ጎማ 60 ሚሊ ሊትር ያህል ነው፤ በጥቂት ወራት ስለሚደርቅ ከጉዞ በፊት ከፍቶ ማየት ያስፈልጋል።

በሞርቫን ደን ሌላም ችግር አለ። ዳግላስ የሚባለው ጥድ በብዛት ተተክሎ ስለሚቆረጥ፣ ግንድ የሚጎትቱት ከባድ ማሽኖች መንገዱን ሰንጥቀው ጥልቅ ቦይ ይተዉበታል። ከዝናብ በኋላ ቦዩ ውሃ ይሞላና ጥልቀቱ አይታይም። በቦዩ ውስጥ መሄድ ፔዳልን ከዳርቻው ያጋጫል፣ ማርሽ መቀየሪያውንም ያጣምማል። ስለዚህ መሃሉን ይዞ መሄድ ነው። የማርሽ መቀየሪያው ከፍሬሙ ጋር የሚታሰርበትን ትንሽ የአሉሚኒየም ቁራጭ ትርፍ ያዙ። እያንዳንዱ ፍሬም የራሱ ቅርጽ አለው፤ በመንደር ሱቅ አይገኝም፣ ክብደቱም ከቁልፍ አይበልጥም። ፍሬኑን በተመለከተ፣ የግራኒት አሸዋ ከዝናብ ጋር ሲቀላቀል ለስላሳውን የፍሬን ሸራ በአንድ ቀን ሊጨርሰው ይችላል፤ ለእርጥብ ወቅት የብረት ቅይጥ ያለው ይሻላል።

ለጀማሪ ሞርቫንን አልመክርም። በደቡብ ምሥራቅ ፈረንሳይ፣ አርዴሽ ውስጥ ዶልቼ ቪያ የሚባለው መንገድ ይቅደም። ርዝመቱ 90 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1968 በተዘጋ የባቡር መስመር ላይ የተሠራ ነው። ሀዲዱ ልክ እንደ ድሮው የጅቡቲ–አዲስ አበባ መስመር የ1 ሜትር ስፋት ነበረው፤ ለገሃርን የሚያውቅ አንባቢ የድሮዎቹን ጣቢያዎች ሲያይ ይደሰታል። የእንፋሎት ባቡር ቀጥ ያለ ዳገት ስለማይወጣ መንገዱ ተራራውን እየዞረ በዝግታ ነው የሚወጣው። ከሊዮን ወደ ደቡብ በሚሄደው የክልል ባቡር ሊቭሮን ወርዶ፣ ሮን ወንዝን ተሻግሮ የመንገዱ መነሻ የሆነችው ላ ቩልት ከተማ መድረስ ይቻላል፤ 6 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በአውሮፓ በጋ አንዳንድ ክልሎች ለብስክሌት ቦታ አስቀድሞ ማስያዝ ስለሚጠይቁ ከመነሳታችሁ በፊት አጣሩ። ከላ ቩልት በኤሪየ ወንዝ ሸለቆ ወደ «ለ ሼላር» ከተማ ይወጣል። ከዚያ አንዱ ቅርንጫፍ ወደ ላማስትር፣ ሌላው ከ1,000 ሜትር በላይ ወዳለችው ሳን-አግሬቭ ይሄዳል።

ስንቅና ውሃም ይታሰብበት። በገጠር ብዙ ሱቅ ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል ገደማ ጀምሮ ለምሳ ይዘጋል፤ እሑድ ከሰዓትና ሰኞ ደግሞ ዳቦ ቤት እንኳ ተዘግቶ ሊገኝ ይችላል። ውሃ ካለቀባችሁ የመንደሩን መቃብር ስፍራ ፈልጉ፤ ለአበባ ማጠጫ የሚሆን ቧንቧ አለው። «ኦ ኖን ፖታብል» የሚል ጽሑፍ ካለበት ግን አይጠጣም። ከመስከረም እስከ የካቲት የአደን ወቅት ነው፤ ብርቱካናማ ልብስ ይለበስ። በግ የሚጠብቅ ትልቅ ነጭ ውሻ ከመጣ አትሩጡ፤ ወርዳችሁ ብስክሌቱን በእናንተና በውሻው መካከል አድርጋችሁ በቀስታ እለፉ።

ለዝግጅት ክፍሉ የማቀርበው ጥያቄ እንግዲህ ይህ ነው። የብስክሌት መንገድ በጻፋችሁ ቁጥር ሦስት ቁጥሮች አብረው ይውጡ፦ ርቀቱ፣ የዳገቱ ድምር፣ አስፋልት ያልሆነው ክፍል ስንት ኪሎ ሜትር እንደሆነ። ከላ ቩልት እስከ ለ ሼላር 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የሁለቱ ከተሞች የከፍታ ልዩነት 330 ሜትር ያህል፣ መንገዱም በአብዛኛው የተጠቀጠቀ አፈርና ጠጠር። ይህን ያነበበ ሰው የትኛውን ጎማ እንደሚገጥም፣ ስንት ሰዓት ላይ ከቤቱ መነሳት እንዳለበትም ያውቃል።

ከአክብሮት ጋር
አንባቢያችሁ፣ ከሊዮን፣ ፈረንሳይ