ጫማሽ አሁንም እኔ ጋ ነው

ውዴ፣

ዓመት ከስምንት ወር ሆነን። ስልክሽን አላነሳሁም፣ ለመልእክትሽም አልመለስኩም። ይቅር በይኝ። «ጊዜ አጥቼ ነው» ልል ነበር፤ ግን ይህን ሰበብ ካንቺ በላይ የሚያውቀው የለም። ስንገናኝ ውቀሽኝ፤ አሁን ግን ዋናውን ነገር ልንገርሽ።

ፈረሴ ዳማው ታሟል። አትደንግጪ፣ ይድናል። የግራ የፊት እግሩ ጅማት ነው።

አንድ ማለዳ ኮርቻ ይዤ ጋጣው ስገባ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረብኝ። እሱ እኮ ኮርቻ ሲያይ አንገቱን የሚያሰግግ ፈረስ ነው። የሆድ ማሰሪያውን ሳጠብቅ ጆሮውን ወደ ኋላ ለጠፈ። አየሁት። አይቼ ጫንኩት። ለውድድሩ ሦስት ሳምንት ቀርቶኛል፣ ዕቅዱ ላይ የዚያ ቀን ሥራ ደንገላሳና መሰናክል ይላል። ከእሱ በኋላ ደግሞ ገና ያልተገሩ ሁለት ወጣት ፈረሶች ይጠብቁኛል፣ ከዚያ የማስተምራቸው ልጆች የግልቢያ ትምህርት፣ ከዚያ ቢሮ። «ዛሬ ምን ሆነህ ነው?» ብሎ ለመጠየቅ ቦታ አልነበረም።

በአራተኛው ቀን ከግልቢያ ስመለስ እግሩን ስዳብስ እጄ አንድ ቦታ ላይ ቆመ። ከጉልበቱ በታች፣ ከኋላ በኩል፣ የሁለት ጣት ስፋት ያህል ይሞቃል። ቀኙን ነካሁ፤ ቀዝቃዛ ነው። ወደ ግራው ተመለስኩ። ይሞቃል። እዚያው ጭቃው ላይ ቁጭ አልኩ።

ሐኪሙ በአልትራሳውንድ አየውና ጅማቱ መቁሰሉን ነገረኝ። ፈረስ ከጉልበቱ በታች ጡንቻ እንደሌለው ታውቂያለሽ፤ ያን ሁሉ ክብደት የሚሸከመው ጅማት ነው። ጅማት ደግሞ ደም በብዛት ስለማይደርሰው ሲጎዳ የሚድነው ቀስ ብሎ ነው። እኔን ያታለለኝ ሌላ ነገር ነው። ሳንባና ጡንቻ በሳምንታት ይጠነክራሉ። ጅማትና አጥንት ግን ወራት ይፈልጋሉ። ዳማው ከሥሬ እንደ እሳት ሲሆን «ደርሷል» አልኩ። ትንፋሹ ደርሶ ነበር። እግሩ አልደረሰም።

አሁን በቀን ሁለት ጊዜ፣ አሥር አሥር ደቂቃ፣ በእጄ ይዤ አራምደዋለሁ። ሶምሶማም የለም፣ ኮርቻም የለም። ጎን ለጎን እንሄዳለን፤ አፍንጫውን ትከሻዬ ላይ ያደርጋል። ስድስት ዓመት አብረን ስንኖር ይህን ያህል ዝም ብለን አብረን ሄደን አናውቅም።

ባለፈው እሑድ የልብ ምቱን ለካሁ። ጣቴን ከመንጋጭላው አጥንት ሥር ካለችው የደም ሥር ላይ አድርጌ አሥራ አምስት ሰከንድ ቆጠርኩ። ዘጠኝ። በአራት ሲባዛ 36። ያረፈ ፈረስ ልብ በደቂቃ ከ28 እስከ 44 ይመታል፣ ስለዚህ ደህና ነው። ከዚያ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ጣቴን ወደ ራሴ አንጓ አዞርኩ። ባልዲ ላይ ተቀምጬ ነው፣ ምንም አልሠራሁም። ሃያ ሦስት። 92።

በረጅም ርቀት ግልቢያ ውድድር ፈረሱ በየማረፊያው ይለካል፤ በተሰጠው ደቂቃ ውስጥ ልቡ ወደ 64 ካልወረደ አይቀጥልም። እኔ ይህን ሕግ ስንቴ ለልጆቹ አስተምሬያለሁ! የራሴን ግን ለክቼ አላውቅም ነበር።

ያን ጊዜ ኮርቻ ማስቀመጫው ክፍል ውስጥ ያልሽኝ ትዝ አለኝ። «ለፈረስ ልጓም ታውቂያለሽ፣ ለራስሽ ግን አላበጀሽም» ነበር ያልሽው። ተቀየምኩሽ። እውነቱን ልናገር፣ ዝምታው የጀመረው ከዚያ ነው። ካንቺ በኋላ ማክሰኞና ዓርብ ማለዳ ባዶ ሲሆኑብኝ ወጣቶቹን ፈረሶች ተቀበልኩ። ባዶውን ሰዓት ማየት ስላልቻልኩ ነው። ማንም አላስገደደኝም።

ወረቀት አውጥቼ የሳምንቱን ሥራ በሙሉ ጻፍኩት። በየአንዳንዱ አጠገብ «ይህ ቢቀር ማን ይጎዳል?» ብዬ ጠየቅኩ። ውድድሩ ቢቀር ማንም አይጎዳም። ሰረዝኩት፣ እጄ እየተንቀጠቀጠ። የዳማው እንክብካቤ ከሁሉ በላይ ሄደ። እንቅልፌን ከሱ ቀጥሎ አስቀመጥኩት፤ እንቅልፍ በዕቅዴ ላይ ሲጻፍ የመጀመሪያው ነው። ልጆቹን አልተውኩም፣ አንድ ቀን ብቻ ቀነስኩ፤ እነሱ ደስታዬ ናቸው። ሰኞ ጭራሽ ኮርቻ አይነካም። ከወጣቶቹ ፈረሶች አንዱን ለባለቤቱ መለስኩ። ሰውየው ደስ አላለውም፤ እኔ ግን ያን ማታ ስምንት ሰዓት ሙሉ ተኛሁ።

ሁለተኛዋ ቀረች። አምባላይ ናት፣ ዓይኗ ትልልቅ፣ ኮሽ ሲል የምትደነግጥ። ችኩል እጅ ይሰብራታል። እኔ ደግሞ ሰዓት እያየሁ ልይዛት አልፈልግም።

እና... እንዴት እንደምለው አላውቅም። ከዚህ ሁሉ ጊዜ በኋላ ደብዳቤ ጽፎ ውለታ መጠየቅ ያሳፍራል። ግን ያንቺን እጅ የመሰለ አላየሁም። አዎ፣ እርካብሽን ሳታስተካክዪ ትወጫለሽ፣ ሶምሶማ ላይም ወሬ አታቋርጪም፤ ፈረሱ ግን ሲሰማሽ ይረጋል። ማክሰኞና ዓርብ ማለዳ ብትመጪላትስ? መጀመሪያ መቦረሽና ማራመድ ብቻ ነው። ካልቻልሽም ንገሪኝ፣ አልቀየምም፤ ከአቅም በላይ ከሆነ ሥራ ይልቅ እምቢታ እንደሚሻል አሁን ገብቶኛል። ያው፣ ደብዳቤሽ ብቻውን ቢመጣም ደስ ይለኛል።

አንቺ ሁሌ የምትዪው አለ አይደል፣ «ፈረሱም ይኸው፣ ሜዳውም ይኸው»። ይኸው።

የግልቢያ ጫማሽ አሁንም እኔ ጋ ነው። የግራው ዚፕ ተበላሽቶ ነበር፤ ትናንት አሠራሁት፣ ቀለምም ቀባሁት። በሩ አጠገብ አስቀምጬዋለሁ።

ያንቺው