ከሐዋሳ ሐይቅ ዳር ወደ ቪክቶሪያ ሐይቅ ደሴቶች፦ የድጋፍ ጥሪ

የተከበራችሁ የእድራችን አባላትና የአሞራ ገደል አካባቢ ነዋሪዎች፣

ከሰፈራችን ልጆች መካከል ሁለት የላቦራቶሪ ባለሙያዎች፣ አንዲት ነርስና አንድ የጤና መኮንን በመጪው ኅዳር የዓመት ፈቃዳቸውን ወስደው በኡጋንዳ ካላንጋላ አውራጃ ለአራት ሳምንታት በበጎ ፈቃድ ሊያገለግሉ ተዘጋጅተዋል። የአውሮፕላን ቲኬታቸውንና የምግባቸውን ወጪ ራሳቸው ይችላሉ፤ ከእኛ የሚጠበቀው ይዘውት የሚሄዱት የምርመራ መሣሪያ ነው።

ካላንጋላ በቪክቶሪያ ሐይቅ ላይ የተበተኑ 84 ደሴቶችን የያዘ አውራጃ ነው። ከእንቴቤ አጠገብ ካለው የናኪዎጎ ወደብ እስከ ትልቁ ደሴት እስከ ቡጋላ መርከቡ ሦስት ሰዓት ተኩል ያህል ይፈጅበታል፤ ከዚያ ወዲያ ወዳሉት ትናንሽ ደሴቶች መሻገሪያው ሞተር የተገጠመለት የእንጨት ጀልባ ስለሆነ ማዕበል ከተነሣ ጉዞው ይቀራል። በዳርቻው የሰፈረው አብዛኛው ሰው ኑሮው ዓሣ ማስገር ሲሆን፣ የሚታጠበውም ልብሱን የሚያጥበውም በዚያው ሐይቅ ነው። ቢልሃርዝያ የሚባለው የትል በሽታ የጸናባቸው በዚህ ምክንያት ነው።

በሽታው ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ በሐዋሳ ሐይቅም አለ። የትሉ እንቁላል ከሰው ዓይነ ምድር ጋር ወደ ውኃ ይገባል፣ ተፈልፍሎ በቀንድ አውጣ ሰውነት ውስጥ ይራባል፣ ከዚያም ወጥቶ ውኃ ውስጥ የቆመን ሰው ቆዳ በስቶ ይገባል። ሳይታከም ዓመታት ያስቆጠረ ሰው ጉበቱ ተጎድቶ፣ ሆዱ ውኃ ቋጥሮ፣ ደም እስከ ማስታወክ ሊደርስ ይችላል። መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል በሰውነት ክብደት ተለክቶ የሚዋጥ ነው፤ የኡጋንዳ መንግሥትም እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ በዘመቻ ሲያድለው ቆይቷል። ይሁን እንጂ ዓሣ አስጋሪ ዓሣውን ተከትሎ ከደሴት ደሴት ስለሚዘዋወር ዕደላው በደረሰበት ቀን ላይገኝ ይችላል፤ በባዶ ሆዱ ውጦ ያቅለሸለሸው ደግሞ ዳግመኛ እሺ ለማለት ይቸገራል። ስለዚህ ልጆቻችን በየዳርቻው እየዞሩ ዓይነ ምድር ይመረምራሉ፣ ውጤቱን ለሰውየው ያሳያሉ፤ መድኃኒቱን የሚሰጡት የአካባቢው ጤና ሠራተኞች ናቸው።

ለዚህም በፀሐይ ኃይል በሚሞላ ባትሪ የሚሠሩ ሁለት ማይክሮስኮፖች፣ እንዲሁም ካቶ ካትዝ ለሚባለው፣ የትሉን እንቁላል ከዓይነ ምድር ለሚፈልገው ምርመራ የሚያገለግሉ ወንፊቶች፣ መለኪያዎችና ስላይዶች ያስፈልጋሉ። ከፍተኛውን ወጪ የሚወስዱት ማይክሮስኮፖቹ ናቸው።

ባለፈው ስብሰባ አንድ አባታችን «የራሳችን ሐይቅ እያለ ምን ወሰዳችሁ?» ብለው ጠይቀዋል። ጥያቄው ተገቢ ስለሆነ በጽሑፍ መመለስ እንወዳለን። ማይክሮስኮፖቹ ከጉዞው መልስ የእድሩ ንብረት ሆነው የአሞራ ገደል ዓሣ አስጋሪዎች ይመረመሩባቸዋል፤ ይህም በቃለ ጉባኤ ሰፍሯል። በዚህ በሽታ ላይ ደግሞ ሀገራችን ለሌሎች የምታካፍለው ነገር ያላት መሆኑን ዶክተር አክሊሉ ለማ አሳይተዋል፦ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው ነው ምርምራቸውን የጀመሩት። ልጆቻችን እንዶድ ተሸክመው አይሄዱም፤ ሄደው ከማጠቢያው ዳር ቆሞ ማየትን ግን ከእሳቸው እንደተማሩ ይናገራሉ።

በአራት ሳምንት በሽታውን እናጠፋለን አንልም። መጸዳጃ ቤት በሌለበት የታከመው ሰው ወደ ሐይቁ ሲመለስ እንደገና ይያዛል፤ ዳርቻው አሸዋማና ውኃው ቅርብ በሆነበት ስፍራ ደግሞ የተቆፈረው ጉድጓድ ይደረመሳል። ስለዚህ ከመሣሪያው ግዢ የሚተርፍ ገንዘብ ካለ፣ ነዋሪዎቹ ጉልበታቸውን የሚያዋጡበት፣ ከመሬት ከፍ ብሎ ለሚሠራ አንድ የጋራ መጸዳጃ ቤት ዕቃ መግዣ ይውላል። የማይተርፍ ከሆነ ግን ይህ ሥራ ይቀራል፤ አስቀድመን ቃል አልገባንም።

መዋጮው እንደየአቅማችሁ ነው፤ 50 ብርም በደረሰኝ ይመዘገባል። ዘወትር እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የእድሩ ገንዘብ ያዥ በድንኳኑ ማስቀመጫ ቤት ይገኛሉ፤ ርክክቡ ጥቅምት 20 ይዘጋል። ክሊኒክ ያላችሁ ወገኖች የማትገለገሉበት ማይክሮስኮፕ ካላችሁ፣ ሌንሱ ብቻ የተበላሸም ቢሆን፣ ከመግዛታችን በፊት ብታሳውቁን እናስጠግነዋለን። የተሰበሰበውና የወጣው ሒሳብ ልጆቹ በተመለሱ በመጀመሪያው የእድር ስብሰባ ላይ በንባብ ይቀርባል።