ክረምቱ ላይ ቆሜያለሁ

እታለም፣

እንደምን ከረምሽ? መጥፋቴን ይቅር በዪኝ፤ ምክንያት ልደርድር ብል ወረቀቱ ያልቃል። ወደ ጉዳዬ ልግባ። የፍቅር ልቦለድ እየጻፍኩ ነው። አዎ፣ ያኔ የምናወራውን። እዚሁ ደብረ ማርቆስ ተቀምጬ ግማሹን ጨርሻለሁ፣ አሁን ግን ክረምቱ ላይ ቆሜያለሁ።

አንቺ መቼም ዝናብ ከጣለ ብርድ ልብስ ውስጥ ገብተሽ ልቦለድ ስትውጪ ነው የምትውዪው፤ ይገባሻል። በውጮቹ መጻሕፍት ብርዱ ያገናኛል። በረዶ መንገዱን ይዘጋል፣ ሁለቱ አንድ ቤት ይቀራሉ፣ እሳት ይነዳል፣ ፍቅር ይጀመራል። የእኛ ክረምት ግን ያለያያል። የጨሞጋ ወንዝ ሞልቶ ሲያጓራ ከድልድይ ለራቀ ሰው ያለው ማዶ ለማዶ መጣራት ብቻ ነው። ሐምሌ የጤፍ እርሻ፣ ነሐሴ አረም፣ በዚያ ላይ ፍልሰታ። ለፍቅር ጊዜ የት አለ? ናፍቆት ብቻ ነው ያለው፤ እኔ ደግሞ መጻፍ የምወደው እሱን ነው።

መስከረም ሲጠባ ውሃው ይጎድላል፣ አደይ ይፈነዳል፣ ልጁ ይሻገራል። እንዴት ደስ ይላል! ግን ወዲያ ማዶ ጥር አለ። እህሉ ተወቅቶ ጎተራ ሲገባ የሰርጉ ጥድፊያ ይጀመራል፣ ዐቢይ ጾም ሳይገባ ማለቅ አለበት። ልጅቷን ለሌላ ሊድሯት ካሰቡ ጊዜዋ ያችው ናት። ለዚህ ነው በእኛ አገር የፍቅር ታሪክ የሚያስፈራው ዝናቡ ሳይሆን በጋው ነው የምለው። ሰማዩ ጥርት ሲል ነው ልብ የሚሰበረው። ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በ1958 ዓ.ም. ካሳተሙ ወዲህ ጎጃም ላይ የፍቅር ታሪክ መጻፍ ራሱ ያስፈራል፤ እኔ ግን ይሄን የጥርን ነገር ሳልጽፈው መተው አልቻልኩም።

እና... አንድ ነገር አለ። እንዴት እንደምነግርሽ ግራ ገብቶኛል። ከወንዙ ማዶ ቆሞ የሚጣራውን ልጅ ታውቂዋለሽ። አዎ፣ እሱ ነው። ስሙንም ሰፈሩንም ቀይሬዋለሁ። ያን ማታ የነገርሽኝን ግን እንዳለ ነው የጻፍኩት። አውጪው ካልሽኝ አወጣዋለሁ፣ ቅር አይለኝም። ከፈቀድሽ ግን ንገሪኝ፦ ያ ጥር እንዴት ነበር? ድንኳኑ ውስጥ፣ ሰው ሁሉ ሲያጨበጭብ፣ ምን እያሰብሽ ነበር? እስከ ዛሬ ጠይቄሽ አላውቅም።

ምዕራፉን አብሬ ልኬዋለሁ። ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው፣ መልሱን ግን አታዘግዪብኝ።

ያንቺዋ