የግርማ አራት ዘፈኖች፣ ያንቺ ሁለት

ውድ እህት ዓለም፣

ለጤናሽ እንደምን ከረምሽ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። አራት ዓመት ሙሉ ድምፄን አጥፍቼ ዛሬ በደብዳቤ ብቅ ማለቴ እንደሚገርምሽ አውቃለሁ። መጀመሪያ ጥፋቴን ልናገር። ያን ጊዜ ደውለሽ «ፒያኖውን ሸጥኩት» ስትዪኝ የምመልሰው ቃል አጣሁ። «እሺ፣ ደህና ሁኚ» ብዬ ዘጋሁት። ነገ እደውላለሁ፣ ከነገ ወዲያ እደውላለሁ ስል ወራት አለፉ። ወራቱ ሲበዙ ደግሞ አፈርኩ። ይቅር በይኝ።

ብዕር ያስነሳኝ ፒያኖ ተጫዋቹና አቀናባሪው ግርማ በየነ ነው። ሰሞኑን እሱን ብቻ እየሰማሁ ነው የከረምኩት። አንቺ «ጆሮ ያለው ሰው ግርማን ከመጀመሪያዋ ምት ይለየዋል» ትዪኝ ነበር። ያኔ እሺ እሺ እያልኩ አልፍሻለሁ እንጂ አልሰማውም ነበር። አሁን ግን ገባኝ።

እስቲ አስቢው። ፒያኖውን ማንም አላስተማረውም፤ በራሱ ነው የለመደው። ግጥም ይጽፋል፣ ዜማ ያወጣል፣ ያቀናብራል፣ ይዘፍናል። በሸክላው ዘመን 60 ገደማ ዘፈኖችን ለሌሎች አቀናብሯል። ከአለማየሁ እሸቴ ጋር ደግሞ አለም-ግርማ የሚባል ባንድ ነበራቸው። በራሱ ድምፅ ስንት ሸክላ ላይ ቀረ? አራት ዘፈን። አራት ብቻ! ይሄን ሳስብ ውስጤ ይላወሳል። ያ ድምፅ እኮ የጎደለው ነገር አልነበረም። ለስለስ ያለ፣ የማይጮህ፣ አጠገብሽ ተቀምጦ የሚያወራሽ ዓይነት ድምፅ ነው።

ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፍልሽ፤ ሸክላዎቹ የሚታወቁት በዚያ ስለሆነ። በ1969 አምሃ እሸቴ የራሱን የሸክላ አሳታሚ ሲከፍት ሸክላ የማሳተም መብቱ በአዋጅ የተሰጠው ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ነበር። እሱ ግን የመጣው ይምጣ ብሎ ገባበት። በር የተከፈተው ያኔ ነው። ከዚያ በኋላ በነበሩት ጥቂት ዓመታት ዛሬ ወርቃማው ዘመን የምንለው ሁሉ ወጣ። ዘፋኙን ሁሉም ያውቀዋል። አቀናባሪውን ግን ማን ይጠይቃል? ሰው «ማን ዘፈነው?» ይላል እንጂ «ፒያኖው ላይ ማን ነበር?» አይልም።

«ሙዚቃዊ ስልት»ን ታውቂዋለሽ፤ የማያውቀው የለም። በ1977 ኃይሉ መርጊያና ዋልያስ ባንድ በ«ቼ በለው» አልበም ላይ ያወጡት ነው። ከኛ አልፎ የውጭ ባንዶችም ተጫውተውታል። ድርሰቱ የግርማ ነው። ባለፈው አንድ ቤት ቁጭ ብዬ ሲለቀቅ ሰማሁት፤ አጠገቤ ያሉት ሁሉ ትከሻቸው ይነቀነቃል። ተነስቼ የማን እንደሆነ ልነግራቸው ምንም አልቀረኝ።

ያንቺን ነገር ያስታወሰኝ ይሄው ነው። ያ ዘፋኝ ዜማሽን ወስዶ ካሴቱ ሲወጣ ስምሽ የትም አልነበረም። ሽፋኑን ገልብጠሽ አየሽው፣ እንደገና ገለበጥሽው፣ ከዚያ ቀስ አድርገሽ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥሽው። ምንም አላልሽም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን መጻፍ ቀነስሽ። እኔም አይቼ ዝም አልኩ። ይሄም ይጸጽተኛል።

ወደ ግርማ ልመለስ። ከወርቃማው ዘመን በኋላ አብዮቱ መጣ፣ ሰዓት እላፊው መጣ፣ የማታው ሕይወት ታፈነ። በ1981 ዋልያስ ለሥራ ወደ አሜሪካ ሲሄድ ገሚሱ ተመለሰ፣ ገሚሱ እዚያው ቀረ። ግርማ ከቀሩት ነው። ኃይሉ መርጊያ ዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ እየነዳ፣ ኤርፖርት ተሳፋሪ እስኪያገኝ ድረስ ኪቦርዱን አውጥቶ ይለማመድ ነበር። ግርማ ግን ጭራሽ ተወው። 25 ዓመት ገደማ ከሙዚቃ ራቀ። በዚህ አልፈርድበትም። ስደት ላይ ያለ ሰው መጀመሪያ ቤት ኪራይ መክፈል አለበት፤ ይሄን ካንቺ በላይ ማን ያውቀዋል? ፒያኖሽን የሸጥሽውም ጠልተሽው እንዳልሆነ አሁን ይገባኛል።

ግን ተመለሰ! አገሩ ገባ፣ ፒያኖው ፊት ተቀመጠ፣ በ2017 አካሌ ውቤ ከሚባሉት ፈረንሳዮች ጋር አልበም አወጣ። ኢትዮጲክስ የሚባለው የኢትዮጵያ ሙዚቃ አልበሞች ተከታታይ 30ኛ ቁጥር ነው። ስሙ «ሚስቴክስ ኦን ፐርፐስ»፣ ሆን ተብሎ የተሠራ ስህተት እንደማለት ነው። እነዚያን የወጣትነት ዘፈኖቹን እንደገና ዘፍኗቸዋል። ድምፁ ሻከር ብሏል፣ ትንፋሹም አጥሯል። እኔ ግን ይሄኛውን እመርጣለሁ። የመጀመሪያው ላይ አንድ ጎረምሳ ሴት ሲለምን ነው የምሰማው። እዚህ ላይ ግን ቃላቱ ስንት ዓመት ተሸክመው መጥተዋል።

አንድ ቀን ጣቴን ይዘሽ «ነጩን ተዪው፣ አምስቱን ጥቁር ቁልፎች ብቻ ንኪ» ያልሽኝ ትዝ ይልሻል? እንዳልሽኝ ነካካሁ። ትዝታ ወጣ! ምንም ሳላውቅ ትዝታ ተጫወትኩ ብዬ ስንት ሳምንት ለሰው አወራሁ። «ክራሩን ለየቅኝቱ ትቃኚዋለሽ፣ ፒያኖ ግን እምቢ ባይ ነው፤ ስለዚህ ጎረቤቱን ቁልፍ ነካ አድርገሽ ትሸሺያለሽ» ብለሽ አሳየሽኝ። ግርማን ስሰማ ያቺን ነካ አድርጎ መሸሽ እፈልጋለሁ። ሳገኛት አንቺን ያገኘሁ ይመስለኛል።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ያ ካሴት እኔ ጋ ነው። ሳሎን ውስጥ ራስሽ እየተጫወትሽ የዘፈንሻቸው ሁለቱ። «ድምፄ አይረባም፣ እኔ ለሰው ነው የምሠራው» ብለሽ ልትጥዪው ስትዪ ደብቄ ያስቀረሁት ነው። ባለፈው ሳምንት ሳጥን ስፈትሽ አገኘሁት። ጽሑፉ በእርሳስ ነው፣ ደብዝዟል። ቴፕ ያለው ሰው ፈልጌ ወደ ስልክ አስገለበጥኩት። ዝናቡ ጣራው ላይ ይሰማል። ፔዳሉ በረገጥሽው ቁጥር ሲጥ ይላል። ሁለተኛው ዘፈን መሀል ላይ ትሳሳቺና «ቆይ ቆይ ቆይ» ብለሽ ከላይ ትጀምሪያለሽ። ያስገለበጥኩለት ልጅ «ይቺን ልቁረጣት?» አለኝ። እንዳይነካት ነገርኩት።

ዛሬ ማታ በቴሌግራም እልክልሻለሁ። ብቻሽን ሆነሽ ስሚው። እሁድ ደግሞ እደውላለሁ፤ እባክሽ አንሺው።

ናፋቂሽ