የወላጆች ስብሰባ ለመዋጮ ብቻ አይሁን

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ሕፃናት በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ በመፍቀዱ፣ በከሚሴና አካባቢው በርካታ ልጆች የመጀመሪያ ደረጃን በአፋን ኦሮሞ ይማራሉ፤ ቤተሰባቸው ወደ ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ሲዛወር ግን በአማርኛ በሚሰጠው ትምህርት ዝም ስላሉ ብቻ «ሰነፍ» የሚባሉ አሉ። የእህቴ ልጅ ይህ ደርሶበታል። እናቱ ከክፍሉ ኃላፊ መምህር ጋር ተቀምጣ፣ ልጁ ሒሳብ በቋንቋው ሲጠየቅ እንደሚመልስ እስክታስረዳ ድረስ አንድ መንፈቀ ዓመት አለፈ። ወላጆች ወደ ትምህርት ቤት የምንጠራው፣ እውነቱን ለመናገር፣ አብዛኛውን ጊዜ ለመዋጮ ነው። ከአቦል እስከ በረካ ቡና እየተጠጣ በሚመከርበት በወሎ፣ ርእሳነ መምህራን ወላጆችና መምህራን በየመንፈቁ መጀመሪያ፣ አስተርጓሚ ባለበት፣ ስለ ልጆቹ ቋንቋና ስለሚወጣላቸው ቅጽል ስም የሚነጋገሩበትን ጊዜ እንዲመድቡ እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር
አንዲት ወላጅ፣ ከደሴ